ለልጃችሁ የትምህርት ድጋፍ እንዴት ትጠይቃላችሁ

ልጃችሁ ትምህርት ከብዶት ትምህርት ቤቱ "ሲያድግ ይሻለዋል" ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ምን እንደከበደው ባለሙያ የሚያይበት ግምገማ እንዲደረግለት በጽሁፍ ጠይቁ፣ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል፣ ስለዚህ ደብዳቤም ይሁን ኢሜይል ቀን ጻፉበትና ኮፒውን ያዙ። ደብዳቤው ላይ በአይናችሁ ያያችሁትን አስፍሩ፦ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር ይዘላል፣ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል ጽሁፍ ላይ ግን ይጠፋበታል፣ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል፣ ለሚገመግመው ባለሙያ ከምንም በላይ የሚጠቅመው እንዲህ አይነቱ ነገር ነው።

ይሄን መጠየቅ መብታችሁ ነው እሺ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ልጆች በጉዳታቸው ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለሉና እንደየፍላጎታቸው ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ማለትም መማር እንዲችሉ የሚደረግ ማስተካከያ) እንዲደረግላቸው ያዛል፣ አብዛኛው የዓለም አገርም ተቀብሎታል። የአገራችሁን የትምህርት ህግም አንብቡ፣ የጊዜ ገደቡና የይግባኙ መንገድ ብዙ ጊዜ እዛ ነው ያለው።

ስብሰባ ላይ "እንረዳዋለን" የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ! ማን ይረዳዋል፣ በሳምንት ስንቴ፣ ለውጡ መቼ ይታያል የሚለው ይጻፍ። ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ወይ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ እኮ ያን ያህል ወጪ የለውም። እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሁፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ይግባኝ ስትሉ የምታቀርቡት እሱን ነው።