ሪሞት ገብታችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንባችሁ

የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች ጓደኛዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ደወለችልኝ። ቤቷ ሆና በሪሞት የቢሮ ኮምፒውተሯ ውስጥ ገብታለች። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ የወሩን ሂሳብ መዝጋት አለባት። የሪሞት ፕሮግራሙ ተገናኝቷል ይላል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጥቁር ነው። ራውተሯን ሦስት ጊዜ አጥፍታ አብርታለች።

እንዲህ ሲያጋጥም ሁላችንም ኔትወርኩን እንጠረጥራለን። እኔ ግን መጀመሪያ በዚያው በሪሞት ፕሮግራሙ ፋይል ላኪ አልኳት። ፋይሉ ደረሰ። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ምስሉ ነው። እዚያ ማዶ ሰው ካለ ደግሞ ማውሱን አንቀሳቅሳችሁ «ይንቀሳቀሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ሳታውቁ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ለቢሮው ጥበቃ ደወልን። «ልጄ፣ ሳጥኑ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ግን የለም» አሏት። ለካ ከሰዓት በኋላ አዲስ ለተቀጠረ ሰው ሞኒተሯን ነቅለው ወስደውታል። ሞኒተር ያልተሰካበት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚልከው ምስል አይኖረውም፤ ቢልክም መጠኑ የተዛባ ይሆናል። ጥበቃው ሞኒተሩን አምጥተው ሲሰኩት ዴስክቶፑ ወዲያው መጣ። ሞኒተር ለሌለው ኮምፒውተር ዳሚ ፕለግ የሚባል ትንሽ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለ። ከኋላ ስትሰኩት ኮምፒውተሩ ሞኒተር ያለው ይመስለዋል።

በዊንዶውስ በራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ስትገቡ ግን ነገሩ ይለያል። ፓስወርድ ተቀብሎ ከዚያ ጥቁር ከሆነ፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድን አንድ ላይ ተጫኑ። ዲሊት አይደለም፤ ዲሊት የሚሠራው እናንተ ጋ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ታስክ ማናጀርን ክፈቱና አዲስ ታስክ በሚለው ዴስክቶፑን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤክስፕሎረርን (explorer) ጽፋችሁ አስነሱ። ዴስክቶፑ ከመጣ የተዘጋው ኤክስፕሎረር ነበር ማለት ነው።

በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ ከመገናኘታችሁ በፊት በሪሞት ዴስክቶፕ ኤክስፒሪየንስ የሚለው ገጽ ላይ የቢትማፕ ካሺንግን (ያለፉ ምስሎችን የሚያስቀምጠውን) ምልክት አንሱ። ካልበቃ ጥፋቱ ምስሉን ከሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ከግራፊክስ ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1903 ወዲህ ሪሞት ዴስክቶፕ ደብሊውዲዲኤም የሚባል ድራይቨር ይጠቀማል። ከአንዳንድ የግራፊክስ ካርዶች ጋር አይስማማም። ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ክፍል ስር ደብሊውዲዲኤም ያለበትን ዲስኤብል አድርጉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ይህ የሚደረገው በማዶው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሶፍትዌር ልትጭኑ ስትሉ ብቻ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል? ዊንዶውስ ፈቃድ የሚጠይቅበትን መስኮት ሳይጫን የሚሠራ የሪሞት ፕሮግራም ማየት አይችልም። ሪሞት ፕሮግራሙን እዚያ ማዶ በአድሚን ፈቃድ በደንብ ጫኑት።

ማክ ላይ የግድግዳው ፎቶ ብቻ ታይቶ መስኮቶቹ ከጠፉ ደስ ይበላችሁ፣ ቀላል ነው። ካታሊና ከሚባለው የማክ እትም ጀምሮ ስክሪን መቅዳት የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። በማኩ ሴቲንግ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ለሪሞት ፕሮግራሙ ፍቀዱለት፣ ፕሮግራሙንም ዘግታችሁ ክፈቱት።

ኡቡንቱ በሚባለው ሊነክስ ላይ፣ የሪሞት ፕሮግራሙ ዌይላንድን (ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን አዲሱን ሥርዓት) የማይደግፍ ከሆነ፣ ፓስወርድ የምታስገቡበት ገጽ ላይ የማርሽ ጥርስ የምትመስለውን ምልክት ነክታችሁ ዞርግ (Xorg፣ የቀድሞው ሥርዓት) ያለበትን ምረጡ። ምርጫው የሚመጣው በየእትሙ አይደለም፤ አዲሶቹ ላይ ዌይላንድ የሚደግፍ ፕሮግራም መፈለግ ይሻላል።

ምስሉ እየመጣ ከተንቀራፈፈ ቀለሙን ወደ 16 ቢት አውርዱ፣ የዴስክቶፑንም ፎቶ አጥፉ።

ስልክ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ውጭ አገር ሆናችሁ የእናታችሁን ስልክ በሪሞት ስታስተካክሉ የባንክ አፑ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ቢሆን አልተበላሸም። አፑ ራሱ ሌላ ሰው እንዳያየው ከልክሏል። መፍትሄ አትፈልጉለት። ሪሞቱን ዝጉና እማማ በራሳቸው ጣት ይጨርሱት፤ እናንተ በስልክ ብቻ ምሯቸው። የማያውቁት ሰው ደውሎ ይህን ፕሮግራም ጫኑ ካላቸው ደግሞ ወዲያው እንዲዘጉበት ንገሯቸው።