ለክረምት ከሰል እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ባለው ደጋ ሐምሌ ሲገባ ከሰል ይወደዳል፣ የተገኘውም እርጥብ ይሆናል። የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው፣ አክሳዩም በዝናብ ክምሩን ማንደድ ይቸገራል። ስለዚህ ግዢው በሚያዝያና በግንቦት ማለቅ አለበት። እኔ ሰኔ ሚካኤልን አላሳልፍም።

ስንት ጆንያ ይበቃል? አሁን የያዛችሁትን ጆንያ የከፈታችሁበትን ቀን ግድግዳ ላይ በራሱ በከሰሉ ጻፉ። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ አይታችሁ ከሰኔ እስከ መስቀል ላለው ጊዜ አስሉት። በበጋ የምትለኩት ለቡናና ለወጥ የሚነደውን ብቻ ስለሆነ ለሙቀት የግማሹን ያህል ጨምሩበት።

በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ለከሰል ብሎ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከስላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። የወይራ ከሰል ግን ቢያምርም ይቅር፤ የሚመጣው ከተረፈችው የተፈጥሮ ደን ነው።

ዋናው ሥራ ጆንያውን መፈተሽ ነው። ሲሞላ ትልልቁ አንኳር ከዳርና ከአፉ ይደረደራል፣ ድቃቁ መሀል ይገባል። አፉ በቅጠል ወይም በሣር ተወትፎ በገመድ ስለሚጠለፍ ከላይ የምታዩት ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም። ሻጩ እንዲፈታላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ አትከራከሩ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ከፈታላችሁ እጃችሁን እስከ ክርን ሰዳችሁ ከመሀል አንድ ሁለት አንኳር አውጡና ስበሩ። ደህና የከሰለ ከሆነ ስብራቱ ጥቁርና አብለጭላጭ ነው፤ ሁለቱን ስታጋጩም እንደ ሸክላ ይጮኻል። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ወይም አልሰበር ብሎ እንደ እንጨት ከተሰነጠቀ ጥሬ ነው፣ ቤቱን በጢስ ይሞላዋል። እርጥቡን እጅ ያውቀዋል፤ ይቀዘቅዛል፣ ሲጋጭ ድምፁ የታፈነ ነው።

ከዚያ ጆንያውን አንሱት። ከጎኑ ካለው እኩያው በጣም ከከበደ ወይ ውሃ ጠጥቷል፣ ወይ አፈርና ድንጋይ አለበት፣ ወይ ደግሞ እንጨቱ ጠጣር ነው። የመጨረሻው ከሆነ እሰየው። ጫኝ "እንዲረጋ" ብሎ ጆንያውን መሬት ላይ ሲያፈርጥ ግን ዝም አትበሉ፤ እየደቀቀ ያለው የእናንተ ከሰል ነው።

ትኩስነቱንም ጠይቁ። ከክምሩ ከወጣ ቀን ያልሞላው ከሰል ላዩ ቀዝቅዞ መሀሉ ፍም ሊይዝ ይችላል፤ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ይነዳል። የጎረቤታችንን የማድ ቤት በር ያቃጠለው ማምሻውን የገባ እንዲህ ያለ ጆንያ ነበር። አዲስ የመጣ ከሰል የመጀመሪያዋን ሌሊት ደጅ ይደር፣ ከቤቱም ከሣሩም ራቅ ብሎ።

ማስቀመጡ ቀላል ነው። ድንጋይ ወይም ብሎኬት አድርጋችሁ በላዩ የእንጨት ርብራብ ሥሩ፣ ጆንያውንም ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቁት፤ የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል። ላስቲክ ከላይ ብቻ ጣል አድርጉ። ዙሪያውን ከጠቀለላችሁት እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። ቆርቆሮ ባያፈስ እንኳ ንጋት ላይ ያልባል፣ ስለዚህ ላስቲኩ አይቅር።

ለማያያዝ ደረቅ ቆረቆንዳ ወይም ጭራሮ ይበቃል። ፌስታል የሚያነዱትን ሳይ ይገርመኛል፤ ሽታውና መርዙ የሚቀረው ለቤተሰቡ ነው። ምድጃ ካልገዛችሁ ላቀች ግዙ፤ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ አንጻር እስከ ሩብ የሚደርስ ከሰል ይቆጥባል።

አሁን ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ጉዳይ። "ደጅ አንድደን ጢሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ እናስገባለን፣ ያኔ አይጎዳም" ይባላል። ትክክል አይደለም። የሚገድለው ጢሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በክረምት ደግሞ ብርዱን ፈርተን በሩንም መስኮቱንም፣ የጣራውን ሥር ክፍተት ሳይቀር በጨርቅ እንወትፋለን።

ስለዚህ ምድጃ ያለበት ክፍል መስኮት ገርበብ ይበል፣ በር ፈጽሞ አይዘጋ። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን አውጡ፤ አመድ አልብሶ ቤት ውስጥ ማሳደርም አይሆንም፣ ረመጡም ጋዙን ይለቃል። አንዱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መዛል ከጀመረው፣ ይልቁንም ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ካመመው፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡና በፍጥነት ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱ። ወተትና ሎሚ እየፈለጉ ጊዜ መፍጀት አይጠቅምም።

ከጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቅ አትድፉት። ጥቂት የሸክላ አፈር ጨምራችሁ በውሃ አቡኩትና በእጅ ድብልብል አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፣ ለጀበና ይሆናል። ግንቦት ላይ ካልደረሳችሁበት ግን በማዳበሪያ ቋጥራችሁ ለጥቅምት ፀሐይ አቆዩት፤ በክረምት የተቦካ አይደርቅም።