ያገለገለ ፔሌት ስሞከር ከመግዛትዎ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

በመሐል አዲስ አበባ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች፣ እንዲሁም ከአሜሪካ ጓዛቸውን ጠቅልለው የመጡ ቤተሰቦች ከሚሸጧቸው የቤት ዕቃዎች መካከል አልፎ አልፎ ፔሌት ስሞከር፣ ማለትም ሥጋን በጢስ ቀስ አድርጎ የሚያበስል ምድጃ፣ ሊያጋጥም ይችላል። ዕቃው በአገራችን ገና ስላልተለመደ ሻጩም ሆነ ደላላው ስለ አሠራሩ እምብዛም አያውቁም፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ የሚያየው የውጭውን ቀለምና የመሣሪያውን ግዝፈት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሥጋን በጢስ ቀስ አድርጎ ማብሰል ለሚወድና እንዲህ ያለ ዕቃ ቀርቦለት ልግዛ ወይስ ልተው እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ፔሌት ማለት ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ማገዶ ነው። ማገዶው በምድጃው ጎን ባለ ሣጥን ውስጥ ይጨመራል፤ ኦገር የሚባለው ጠመዝማዛ ዘንግ በኤሌክትሪክ ሞተር እየዞረ ፔሌቱን ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ የእሳት ማንደጃ ይገፋል፤ በኤሌክትሪክ የሚግል ማቀጣጠያ እሳቱን ያስነሣል፤ ማራገቢያው አየር ይነፋል፤ የሙቀት ሴንሰሩ የሚያነበውን ለመቆጣጠሪያው ያስተላልፋል፤ መቆጣጠሪያውም ኦገሩን መቼ ማዞር፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ይወስናል። ስለዚህ ይህ ምድጃ ከከሰል ማንደጃ ይልቅ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ይቀርባል፤ መመዘን ያለበትም በዚያው ዓይን ነው። ገዢው ዕቃውን ለማየት ከመሄዱ በፊት ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ማገዶውን ከየት አገኛለሁ? የቤቴ መብራትስ ይስማማዋል? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ሰው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ባይገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማገዶው

ፔሌት ስሞከር ያለ ፔሌት አይሠራም። ከሰልም ሆነ ፍልጥ በሣጥኑ ውስጥ አይጨመርም፤ የእንጨት ስባሪ ቢጨመር ኦገሩ ተነክሶ ይቆማል። በዝቅተኛ ሙቀት ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ፔሌት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲደረግ ፍጆታው ይጨምራል። አንድ ትልቅ ፍሪምባ እስኪለሰልስ 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ በአሜሪካ የተለመደው 9 ኪሎ ግራም የሚይዝ ከረጢት ከአንድ ወይም ከሁለት ግብዣ አያልፍም ማለት ነው። ሻጩ ከምድጃው ጋር የተረፈ ፔሌት ካለው አብሮ መግዛት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ሲያልቅ ቀጣዩን ማን እንደሚያመጣ፣ በምን ያህል ዋጋና በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚያመጣ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣ መለመን ለአንድ ሁለት ጊዜ ያስኬድ ይሆናል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

እዚሁ አገር የተሠራ ፔሌት ቢቀርብልዎ ከምን እንጨት እንደተሠራ ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ለምግብ የሚሆነው ከጠንካራ እንጨት የተሠራና ምንም ያልተቀባ ነው። ከቤት ዕቃ ማምረቻ የተሰበሰበ ሰጋቱራ ሙጫ፣ ቫርኒሽና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሊኖርበት ስለሚችል ጢሱ ሥጋውን ይመርዛል። ለቤት ማሞቂያ የተሠራ ፔሌትም እንደ ጥድ ካለ ሙጫ ካለው ለስላሳ እንጨት ሊሠራ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመከርም። የፔሌቱን ድርቀት ለመፈተን አንዱን በጣት መስበር ይበቃል፤ ደህና ፔሌት ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። እርጥበት የገባበት ግን ያብጥና ወደ ብናኝነት ይመለሳል፤ ኦገሩ ውስጥ ሆኖ ካበጠ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በክረምት ወራት፣ በተለይም በፍልሰታ ጾም ምድጃው ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ጊዜ፣ ሣጥኑን ባዶ ማድረግና ፔሌቱን ክዳኑ በሚጠብቅ በርሜል ማስቀመጥ የግድ ነው።

የወይራ ጢስ ለሚወድ ሰው መልካም ዜና አለ። የወይራ ስባሪ ሣጥኑ ውስጥ ባይገባም፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በተበሳ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ተለኩሶ በሥጋው ጎን ቢቀመጥ ከፔሌቱ ጋር አብሮ ይጤሳል። ይህ ጢሱን ያጎለብታል እንጂ ፔሌቱን አይተካም።

ስለ መብራቱ

ከምድጃው ጀርባ ወይም ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈውን የብረት ወይም የወረቀት ምልክት ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 120 ቮልት የሚለው ምድጃ በቀጥታ ከሶኬታችን ቢሰካ ማቀጣጠያው ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚስብ ወዲያው ይቃጠላል፤ መቆጣጠሪያውም አይተርፍም። ሻጩ «አንድ ጊዜ ሰክተነው ነበር» ካለ በምን እንደሰኩት አጥብቀው ይጠይቁ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውና 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚለው ምድጃ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ሁለት ምድጃዎች በተቀራራቢ ዋጋ ቢቀርቡልኝ ያለ ማመንታት እርሱን እወስዳለሁ።

የአሜሪካውን የሚገዛ ሰው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ማቀጣጠያው በሚግልበት ጊዜ ምድጃው በጠቅላላው 300 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ቢያንስ 500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር መምረጥ ይበጃል። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በብዙ የቆዩ ምድጃዎች የኦገሩ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ስለሆነ በ50 ኸርዝ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ማራገቢያውም እንዲሁ ሊደክም ይችላል። ሙቀቱን እያነበበ የኦገሩን ሥራ የሚያስተካክል ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍነዋል። ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው የድሮ ማዞሪያ ግን አይሸፍነውም፤ ሙቀቱ ከሚጠበቀው በታች ይሆናል። በቀጥታ ጅረት የሚሠራ ሞተር ያላቸው አዳዲስ ሞዴሎች በኸርዙ ምክንያት አይቸገሩም። ይህን ዓይነት ምድጃ በገበያ ላይ ያዋለው በኦሪገን ግዛት የተመሠረተው ትሬገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ያገኘው የፈጠራ መብት በ2006 ካበቃ በኋላ ሌሎች ብዙ አምራቾች ገብተውበታል። በመሆኑም የሞዴሉን ስምና ቁጥር ጽፈው ወስደው የሞተሩን ዓይነት በኢንተርኔት ማጣራት ከባድ አይደለም።

መብራት መጥፋቱ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ምግቡ መካከል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ በማንደጃው ውስጥ የቀረው ፍም ግን ቀስ እያለ እየጤሰ ይቆይና በኦገሩ ቱቦ በኩል ወደ ፔሌቱ ሣጥን ወደ ኋላ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሣጥኑን ክዳን ዘግቶ፣ ማብሪያውን አጥፍቶና ከምድጃው ሳይርቁ ጢስ ከሣጥኑ በኩል እንዳይወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። መብራቱ ሲመለስም እሳቱ የጠፋበትን ማንደጃ የተከማቸበትን ፔሌት ሳያራግፉ እንደገና ማስነሣት አይገባም፤ የተከማቸው ፔሌት በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል ነበልባሉ ክዳኑን እስከማንሣት ይደርሳል። ምድጃው አንዴ ከተነሣ በኋላ የሚወስደው 50 ዋት ገደማ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ደህና የሆነ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር እሳቱን ያቆይልዎታል። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ፣ ያውም እርጥብ ግቢ ውስጥ፣ የብረት አካል ያለውን ምድጃ መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ዕቃውን ለማየት ሲሄዱ

የእጅ ባትሪ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የራስዎን የምድጃ ቴርሞሜትርና ጥቂት ደረቅ ፔሌት ይዘው ይሂዱ፤ 120 ቮልት የሚለውን ለመሞከር ትራንስፎርመር ከሌላቸውም ተውሰው ይውሰዱ። ለሻጩ አስቀድመው ደውለው ምድጃውን እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ ማቀጣጠያው መሥራቱ የሚታወቀው ከቀዝቃዛ ሲነሣ ነው።

መጀመሪያ መጥበሻ ፍርግርጎቹን፣ የስብ መቀበያውን ትሪና ከሥሩ ያለውን የሙቀት መከላከያ ብረት አውጥተው ማንደጃውን በባትሪ ይመልከቱ። የአየር ቀዳዳዎቹ ተበልተው ተገናኝተው ከሆነ ወይም ታቹ ከተበሳ ማንደጃው መለወጥ አለበት። የምድጃውን ወለል በካቻቪቴ ጫፍ መታ መታ ያድርጉት፤ ላይ ላዩን የያዘ ዝገት ችግር አይደለም፣ ብረቱን የበላ ዝገት ግን ድምፁ ይለያል፣ ሲጫኑትም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ከክዳኑ ውስጥ እንደ ቀለም የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ሳይሆን የደረቀ ስብና ጥላሸት ስለሆነ በመፋቂያ ይነሣል፤ በእርሱ ምክንያት ጥሩ ምድጃ ከመግዛት አይቅሩ። የፔሌት ሣጥኑን ባዶ አድርገው ኦገሩ የሚጀምርበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ጎተራ ውስጥ የቆየ ምድጃ ከሆነ ደግሞ ገመዶቹን አይጥ አለመቁረጧን ያረጋግጡ።

ከዚያ ምድጃው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ የማቀጣጠያውን ሁለት ገመዶች በመልቲሜትር ይለኩ። በ120 ቮልት ከ200 እስከ 300 ዋት የሚወስድ ማቀጣጠያ ከ48 እስከ 72 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ይህ ብቻውን ዕቃውን የሚያስጥል ጉድለት አይደለም፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

አሁን ያስነሡት። ሞተሩ እየዞረ ኦገሩ ካልዞረ ሁለቱን የሚያገናኘው ትንሽ ቡሎን ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሞዴሎች ላይ ኦገሩ ሲነክስ ሞተሩ እንዳይጎዳ ሆን ተብሎ እንዲቆረጥ የተሠራ ነው፣ በቀላሉም ይተካል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወፍራም ነጭ ጢስ ይወጣና እሳቱ ሲይዝ ይቀጥናል። ከዚያም 225 ፋራናይት ላይ ያድርጉት፤ ይህ 107 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የራስዎን ቴርሞሜትር ፍርግርጉ መሐል አስቀምጠው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይጠብቁ። ከተቀመጠው ሙቀት በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሳያቋርጥ መውረድ፣ እሳቱ እየጠፋ እንደገና መነሣት ወይም ወፍራም ጢሱ አለመቅጠን ግን የመቆጣጠሪያ፣ የሴንሰር ወይም የማራገቢያ ሕመም ነው። አንድ ሰዓት የማያስጠብቅ ሻጭ ካጋጠመዎት አመስግነው ይሂዱ።

ሻጩ «ሥጋው 90 ዲግሪ ላይ ይቆምብኛል፣ አልገባኝም» ቢልዎ አይደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በውስጡ ውኃ ያለው ሥጋም ከዚያ ማለፍ ይከብደዋል። የአሜሪካ የአሠራር መመሪያዎች 95 ዲግሪ ይድረስ የሚሉት ለቆላ ነው። እዚህ የፍሪምባ መብሰል የሚለካው ሹካ ሲገባበት በሚሰማው ልስላሴ ነው።

ስለ መለዋወጫና ስለ ዋጋው

ማንደጃውን፣ የሙቀት መከላከያውንና የስብ ትሪውን በተክለ ሃይማኖት ወይም በመርካቶ የሚገኝ ጎበዝ ብረት ሠራተኛ አሮጌውን ናሙና አይቶ ይሠራቸዋል። ያለ ዚንክ ልባስ ከሆነ ላሜራ ወይም ከስቴንለስ እንዲሠራ ያሳስቡት፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለጤና ጎጂ ነው። መቆጣጠሪያው፣ የኦገሩ ሞተርና የሙቀት ሴንሰሩ ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ከእነዚህ ሁለቱ የተበላሹበትን ምድጃ እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ዋጋውን ሲያስቡ ሻጩ የሚነግርዎትን የአሜሪካ ዋጋ መነሻ አያድርጉ። የትራንስፎርመሩን፣ የዩፒኤሱን፣ የጥገናውንና የአንድ ዓመት ፔሌቱን ዋጋ ደምረው ብረት ሠራተኛ ከግማሽ በርሜል ከሚሠራልዎ የከሰል ማጠኛ ጋር ያነጻጽሩት። በጓሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚያበስል፣ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብንም ለሚጾም ቤተሰብ የበርሜሉ ማጠኛ ያለ ጥርጥር ያዋጣል። ፔሌት ስሞከር የሚያዋጣው በየሳምንቱ ለሚያበስል ሰው ወይም ሌሊቱን ሙሉ እሳት ለመጠበቅ ሠራተኛ ለሌለው ትንሽ ምግብ ቤት ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑና ያለዎት ቦታ በረንዳ ብቻ ከሆነ ግን ይተውት፤ ጢሱ ጎረቤትን ያስቸግራል፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም እንደ ከሰል ጭስ ሁሉ በተዘጋ ቦታ ሰው ይገድላል።

ሻጩ ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት የነበረው ሰው ከሆነ ዕቃው መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል እንዳለበት አይርሱ፤ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስማሙ፣ ሰነዱንም ይረከቡ። ሲጭኑት ፔሌቱን ሙሉ በሙሉ አራግፈው፣ አመዱንና ስቡን ጠርገው፣ ምድጃውን ቀጥ አድርገው ያጓጉዙት። ቤት ከደረሰ በኋላም ሥጋ ከማስገባትዎ በፊት ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት ለ40 ደቂቃ ያህል ያንድዱት።