ጥቁርና ጠንካራ ጠላ በብዛት ለመጥመቅ

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ዙሪያ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤተሰብ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም የማኅበር ተራ ሲደርስበት ጠላውን ከመግዛት ይልቅ በቤቱ መጥመቅን ይመርጣል። ምርጫው ተገቢ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ያላረረ፣ ጠንካራ ሆኖ ያልጎመዘዘ ጠላ ጊዜና እህል ተቆጥቦ የሚገኝ አይደለም፤ ለሽያጭ የሚጠምቅ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ለመቆጠብ ይገደዳል። እዚህ የምገልጸው 70 ሊትር ያህል የተጣራ፣ ጥቁርና ጠንካራ ጠላ የሚወጣበትን አጠማመቅ ነው። የጠላ ጥንካሬ የሚመጣው ከእህሉ ብዛት፣ ከብቅሉ ጤንነትና ከውኃው ማነስ ነው። ስኳር የተጨመረበት ወይም ካቲካላ የተደባለቀበት ጠላ ሰውን ሊያሰክር ይችላል፤ የጠላን ወዝ ግን ስለማይሰጥ በዚህ አጠማመቅ ውስጥ ሁለቱም ቦታ የላቸውም።

ለተባለው መጠን 20 ኪሎ እህል፣ 5 ኪሎ የብቅል ዱቄትና 3 ኪሎ ጌሾ ያስፈልጋል። ከ20 ኪሎው 13ቱ ለእንኩሮ፣ ማለትም በውኃ ተፈትጎ ምጣድ ላይ ለሚበስለው ፍርፍር፣ 4ቱ ለአሻሮ፣ ማለትም ጠቁሮ ተቆልቶ ለሚፈጨው እህል፣ 3ቱ ለቂጣ ይመደባል። ለእንኩሮ ገብስና በቆሎ እኩል በእኩል ተቀላቅለው ቢፈጩ መልካም ነው፤ በቆሎው በማሽላ ሊተካ ይችላል። አሻሮው ግን ከገብስ ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ፤ የአየርላንዱ ጥቁር ቢራ ስታውትም ጥቁረቱንና ቡና ቡና የሚለውን ጣዕሙን የሚያገኘው ጠቁሮ ከተቆላ ገብስ ነው። ከጌሾው 2 ኪሎው ቅጠል፣ 1 ኪሎው እንጨት ይሁን። ጌሾ በፋብሪካ ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ምሬቱ ጌሾይዲን ከሚባለው ንጥረ ነገር የሚገኝ ሲሆን፣ ጠላውን ቶሎ ከማቆምጠጥም ይከላከላል። ተራ ጠላ የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን፣ ፍልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል፤ የልዩነቱ ዋና ምንጭም የሚጨመረው ውኃ ነው።

ብቅል ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም ጠንካራ ጠላ የሚፈልግ ሰው ራሱ ቢያበቅለው ይሻላል፤ የተገዛ ብቅል በፀሐይ ይድረቅ በእሳት ለማወቅ ያስቸግራልና። 6 ኪሎ ጤነኛ ገብስ ታጥቦ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ በመካከሉ ውኃው አንድ ጊዜ ይለወጣል። ከተጠነፈፈ በኋላ በኮባ ቅጠል ወይም በንጹሕ ጆንያ ተጠቅልሎ ድንጋይ ይጫንበታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያህል ይገለጥና በእጅ ተፈርክሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ናቸው የእንኩሮውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት፤ እርሾው ደግሞ ያንን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ኢንዛይሞቹ በኃይለኛ ሙቀት ስለሚጠፉ ብቅል ፈጽሞ አይቆላም። ጥቁር ጠላ ለማግኘት ብለው ብቅሉን ምጣድ ላይ የሚያምሱ አሉ፤ ውጤቱ ጥቁር መልክ ያለው፣ ኃይል ግን የሌለው መጠጥ ነው። ጥቁረት ከአሻሮው፣ ኃይል ከብቅሉ ይምጣ። ሻጋታ የያዘ ብቅል ደግሞ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ታጥቦም ሆነ ደርቆ አይጠቅምም፤ መጣል አለበት። ክረምት ላይ በአዲስ አበባ ዳርቻ ፀሐይ አስተማማኝ ስላልሆነ ለነሐሴ ወይም ለመስከረም ድግስ የሚሆን ብቅል በግንቦት ደርቆ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ዕቃን በተመለከተ እያንዳንዳቸው 100 ሊትር የሚይዙ ሁለት ዕቃዎች ያስፈልጋሉ፤ ድፍድፉ፣ ማለትም ገና ያልተጣራው ወፍራም ቅልቅል፣ ሲነሣ ሽቅብ ስለሚገፋ አንዱን ዕቃ አፍ እስኪሞላ መጠቀም አይቻልም። ሸክላ ጋን የተሻለ ቢሆንም የፕላስቲክ በርሜልም ይሠራል፤ በርሜሉ ምግብ ወይም የምግብ ዘይት የያዘ ይሁን፤ ኬሚካል የያዘ በርሜል ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይታመንም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል፤ ከዚያ ፍም ላይ የወይራ ስንጥር ተደርጎ ጋኑ በላዩ ይደፋና ጢሱ ውስጡን እስኪያለብሰው ይታጠናል። ይህ ጢስ ጠላውን የሚያበላሹ ተሐዋስያንን ከማዳከሙም በላይ ከጥቁር አሻሮ ጋር እጅግ የሚስማማ ጣዕም ይሰጣል። የፕላስቲክ በርሜል ፍም ላይ ሊደፋ ስለማይችል በግራዋና በፈላ ውኃ ማጠብ ይበቃዋል፤ ጥንስሱ፣ ማለትም የጌሾና የብቅል መነሻ ብጥብጡ፣ ግን በታጠነ ጋን ውስጥ ቢጀመር የወይራው ሽታ ወደ በርሜሉም ይዘልቃል። በዳርቻው ሰፈሮች ውኃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ስላሉ ቢያንስ 120 ሊትር አስቀድሞ ይጠራቀም። የቧንቧ ውኃ ከሆነ በሰፊ ዕቃ አፉ በስስ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ይደር፤ የክሎሪን ሽታው በዚህ ይቀንሳል።

ጥንስሱ ከጠመቃው ቀን ስድስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይጀመራል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠልና 1 ኪሎ የብቅል ዱቄት በታጠነው ጋን ውስጥ በ15 ሊትር ውኃ ይበጠበጣሉ። እርሾ ከውጭ አይጨመርም፤ የሚያስፈልገው እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ይገኛል። በሱሉልታና በእንጦጦ ግርጌ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ጋኑ ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተነሥቶ በጭድ ወይም በጆንያ ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያውም በብርድ ልብስ ይጠቅለል። በሞቃት ወቅት ሦስት ቀን የሚበቃው ጥንስስ በብርድ አምስት ቀን ሊወስድ ስለሚችል መፍረድ ያለበት ቀኑ ሳይሆን አረፋውና ሽታው ነው። ፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣና የጌሾው ሽታ ከጥሬ ቅጠልነት ወደ ፍሬ መሰል ጠረን ሲለወጥ፣ ከ3 ኪሎ ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ከ2 ኪሎ ብቅልና ከተወቀጠው የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመራል። ቂጣው ሳይቦካ የሚጋገር ሲሆን፣ ሁለቱም ፊቱ ደህና አድርጎ እስኪጠይም ምጣድ ላይ መቆየት አለበት። ከዚህ በኋላ ሁለት ቀን ይተዋል።

በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ አሻሮው ተቆልቶ ወደ ወፍጮ ቤት መድረስ አለበት። ገብሱ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሳይበልጥ፣ ያለማቋረጥ እየታመሰ ይቆላል። ጥሩ ቆሎ ወርቃማ ሆኖ ሲፈነዳ ይወርዳል፤ አሻሮ ግን ከዚያ አልፎ እንደ ቡና ይጠቁራል። የሚፈለገው ደረጃ ፍሬው ሲነከስ ውስጡ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ምሬቱ አስደሳች የሆነበት ነው፤ ውስጡ ከሰል ከመሰለና አፍን ካደረቀ አርሯል። ከ4 ኪሎው ውስጥ አንድ ምጣድ ያረረ ብቻ መላውን ጠላ ሊያበላሽ ስለሚችል ያረረውን ለይቶ መጣል ከስስት ይሻላል። ሳይቀዘቅዝ ከተከመረ በራሱ ሙቀት መጥቆሩን ስለሚቀጥል ወዲያው በሰፌድ ላይ ይዘርጋ።

የጠመቃው ቀን የእንኩሮው ቀን ነው፤ ሥራውም በማለዳ ቢጀመር እንጂ ከቀትር በኋላ ቢጀመር ድፍድፉ በብርድ ሌሊት እጅ ላይ ይወድቃል። 13 ኪሎ እንኩሮ በአንድ ምጣድ ከተሠራ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ምጣድ ጎን ለጎን ይጣድ፤ ለእያንዳንዱም አንድ ሰው ይመደብ። ጎረቤት ለእርዳታ የሚጠራበትም ቀን ይኸው ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ቶሎ ነድዶ ቶሎ ስለሚወድቅ ለማቀጣጠል ብቻ ይዋል፤ ለማብሰሉ እኩል ሙቀት የሚሰጥ የደረቀ ፍልጥ ያስፈልጋል። እሳቱ በጓሮ ወይም ጢስ በደንብ በሚወጣበት ማድ ቤት ይሁን።

ዱቄቱ በገበቴ ውስጥ ውኃ እየተርከፈከፈበት በሁለት እጅ ይፈተጋል። ሲጨበጥ እንደ ጡጫ ተያይዞ፣ በአውራ ጣት ሲነካ ወዲያው የሚፈርስ ከሆነ ልኩን አግኝቷል፤ እጅ ላይ ከለጠፈ ውኃው በዝቷል፣ ደረቅ ዱቄት ይጨመርበት። ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ኖሮት በጋለው ምጣድ ላይ ይዘረጋና በማማሰያ እየተገላበጠ ይበስላል። መጀመሪያ እንፋሎት ይወጣል፤ ሽታውም ጥሬ ሊጥ ነው። ቀጥሎ ፍርፍሩ ይጠብቅና የዳቦ ቅርፊት ይሸታል፤ በዚህ ጊዜ የሚያወርዱ ብዙ ናቸው፣ ለነጣ ያለ ጠላም በቂ ነው። ለጥቁር ጠላ ግን እሳቱ ቀነስ ተደርጎ፣ ፍርፍሩ የጠየመ ጡብ መልክ እስኪይዝና ማማሰያው ሲነካው ኮሽ ኮሽ እስኪል ድረስ መቀጠል ይገባል። የውኃው ጥቅም ማጣበቅ ብቻ አይደለም፤ ስታርቹ ለብቅሉ ኢንዛይም የሚገለጠው እርጥበትና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ነው። ዱቄቱ ደረቁን ቢቆላ መልኩ ያምራል፤ ስታርቹ ግን በሚገባ ሳይበስል ስለሚቀር ብዙው በአተላው ውስጥ ቀርቶ ይጣላል። የጠላውን ኃይል ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ እርምጃ ስለሆነ፣ በቸልታ የሚያምስ እጅ እዚህ ባይገባ ይመረጣል።

የተጠናቀቀው እንኩሮ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተበትኖ ይቀዝቅዝ። ለብ ያለ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በብርድ ወቅት ይረዳል፤ ትኩስ ከሆነ ግን እርሾውን ይገድለዋል። ክምሩ ከላይ ቀዝቅዞ ከውስጥ ሊግል ስለሚችል እጅ እስከ ክርን ገብቶ መሐሉ ይፈተሽ። ጥንስሱ በሁለቱ ዕቃዎች እኩል ይከፈላል፤ እንኩሮው፣ የአሻሮው ዱቄትና የቀረው 2 ኪሎ ብቅልም እንዲሁ። 40 ሊትር ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ ደረቅ ጓል እስከማይቀር ድረስ በረጅም ዘንግ ይታሻል። ድፍድፉ ወፍራም ገንፎ መምሰል አለበት።

ዕቃው አሁን በጭቃም ሆነ በክዳን አይታሸግ፤ በጨርቅና በላላ ክዳን ብቻ ይሸፈን። መፍላቱ በበረታባቸው የመጀመሪያ ሦስት ቀናት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ ስለሆነ የታሸገ በርሜልን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ጠባብና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለሰው አደገኛ ነው። መስኮት ይከፈት፣ ልጆችም በዚያ ክፍል አይደሩ። ጠዋትና ማታ ወደ ላይ የወጣው ቆብ በዘንግ ወደ ታች ይመለስ። ጆሮ ወደ ጋኑ ሲጠጋ የሚሰማው ሹክሹክታ እየቀነሰ፣ ቆቡ እየተሰነጠቀና መስጠም እየጀመረ ሲሄድ፣ ይኸውም ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ፣ ውኃ የሚሞላበት ሰዓት ደርሷል።

የሚሞላው 50 ሊትር ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። እንግዳ በዝቷል ተብሎ ሌላ 40 ሊትር የመጨመር ፈተና የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያ ከሆነ የተለፋበት ሁሉ ወደ ተራ ጠላ ይመለሳል። ለእንግዳ ብዛት መፍትሔው ከዋናው ጠላ በኋላ የሚወጣው ቅራሪ ነው። ውኃው ከተሞላ በኋላ አፉ በደንብ ተሸፍኖ፣ ለጋዝ ማውጫ ትንሽ ቀዳዳ ተትቶለት፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ሳይነካ ይቀመጥ። ጠላው ከላይ ሲጠል ጥቁር ሆኖ ብርሃን ላይ ሲያዝ ወደ ቀይ የሚያደላ መልክ ያሳያል።

ለማጥለል ከላይ ያለው በጣሳ ቀስ ተብሎ ይቀዳና በታጠበ ሻሽ ያልፋል፤ የታችኛው ድፍድፍ በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ይንጠልጠል እንጂ አይጨመቅ፤ ሲጨመቅ ደቃቁ አብሮ ወጥቶ ጠላውን ያደፈርሰዋል፣ ምሬቱንም ያከርረዋል። የተጣራ ጠላ አየር ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቆምጠጥ ስለሚጀምር ማጥለሉ ከድግሱ አንድ ቀን በፊት ቢሆን ይበቃል፤ የተረፈውም በትንንሽ ዕቃ አፍ እስኪሞላ ተደርጎ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ጄሪካን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ መፍላቱ ፈጽሞ ስለማይቆም ክዳኑ በየቀኑ ትንሽ እየተከፈተ ይተንፍስ። በቀረው ድፍድፍ ላይ 25 ሊትር ውኃ ተጨምሮ ከሁለት ቀን በኋላ ሲጠል ቅራሪው ይገኛል፤ ይህም በማግሥቱ ለሚመጣ ዘመድና ድንኳን ለሚያፈርሱ ሰዎች የሚሆን ቀለል ያለ መጠጥ ነው። አተላው ለከብት ሲሰጥ አልኮልም ጌሾም ስላለበት ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ።