የሥራ ማስታወቂያውን ስክሪንሹት አንሱት

«0 ዓመት ልምድ» የሚል ሁሉ ላይ ስታመለክቱ ከርማችሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ይደወላል። «ሐሙስ ለጽሑፍ ፈተና ይምጡ።» የትኛው ነበር? ማስታወቂያው ከቴሌግራም ቻናሉ ጠፍቷል። ደዋዩን መልሶ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል።

ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ስክሪንሹት አንሱ። ጋዜጣ ላይ ወይም በር ላይ የተለጠፈ ከሆነ ፎቶ። ከላካችሁት ሲቪ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና ስሙን የድርጅቱን፣ የሥራ መደቡንና ያመለከታችሁበትን ቀን በሉት። ጠያቂዎች ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚያወጡት «ዋና ዋና ተግባራት» ከሚለው ክፍል ነው፤ እሱን ይዞ መዘጋጀት ግማሽ ፈተና እንደማየት ነው።

የባንክ ጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ ላይ ግን ብዙም አይሠራም። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የትምህርት ዓይነትና ሲጂፒኤ (የዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ አማካይ ውጤት) ብቻ ስለሆነ፣ አፕቲቲዩድ (የሒሳብ፣ የቋንቋና የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) መለማመዱ ይሻላል።