የራሺያና የኡዝቤክ አባባሎች ስለ ወንድና ሴት ምን እንደሚሉ አንብቦ ለመረዳት

መጀመሪያ በርከት አርጋችሁ ሰብስቡ፣ አንድ አባባል ይዞ "ራሺያኖች ሴትን የሚያዩት እንደዚ ነው" ማለት አይሰራም። ለራሺያኛው መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ቭላዲሚር ዳል በፈረንጆቹ 1862 ያሳተመው ስብስብ አለ፣ ከ30,000 በላይ አባባል በየርዕሱ ተከፋፍሎ ስላለበት ከሱ ጀምሩ። ኡዝቤክኛው ላይ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ፈልጉ።

ከዛ ወንድና ሴት ብላችሁ ለሁለት ብቻ አትክፈሉት፣ እናት፣ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራት፣ ባል፣ ጎረምሳ እያላችሁ በየቦታቸው አስቀምጡ። ራሺያኛው "ዶሮ ወፍ አይደለችም፣ ሴትም ሰው አይደለችም" ይላል፣ ያማል፣ ግን እዛው "ሚስት የሌለው ወንድ ከህፃናት የባሰ የሙት ልጅ ነው" ይላል፣ ደሞ "ባል ራስ ነው፣ ሚስት አንገት" ይባላል፣ አንገት ወደዞረበት ራስም ይዞራል ለማለት። ኡዝቤኮች ጋ "ወንድን ወንድ የምታረገውም ሴት፣ አፈር የምታረገውም ሴት" አለ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጋ ስልጣኑ የባል ነው፣ ቤቱ ሲበላሽ ግን ጥፋቱ የሚስት ይሆናል፣ እኔን ከስድቡ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ሙገሳ ስለሚመስል ማንም ቆም ብሎ አይጠይቀውም።

ኡዝቤኩን ስታነቡ ማን ለማን እንደሚናገር እዩ። "ልጄ ላንቺ እነግራለሁ፣ ምራቴ አንቺ ስሚ" የሚባለው ሙሽራዋ የባሏ ወላጆች ቤት ስለምትገባና ምራትን ፊት ለፊት መገሰጽ ስለሚከብድ ነው፣ "ሴት ልጅ የወንጭፍ ድንጋይ ናት"ም ከዚሁ ይመጣል፣ ተወርውራ የምታርፈው ሰው ቤት ነው። ወንዱን ደሞ "ለወንድ ልጅ ሰባ ሙያም ያንሰዋል" ይሉታል፣ እሱም ሸክም አለበት ማለት ነው።

"ፀጉሯ ረጅም፣ አእምሮዋ አጭር" የሚለው ሁለቱም ጋ አለ፣ እኛም "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" የምንል ሰዎች ነን፣ ስለዚ እንደዚ አይነቱን የአንድ ህዝብ ጠባይ አርጋችሁ እንዳታቀርቡት።

በመጨረሻ አባባሉ ዛሬም ይሰራል ወይ የሚለውን አጣሩ። "ከመታ ይወዳል ማለት ነው" የሚለው የራሺያ አባባል መጽሐፍ ውስጥ የቀረ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2017 ራሺያ ቤተሰብ ላይ የሚፈጸምን የመጀመሪያ ድብደባ ከባድ ጉዳት ካላደረሰ ከወንጀልነት አውጥታ በቅጣት የሚታለፍ ጥፋት ስታረገው ሰው ደጋግሞ ያነሳው ነበር፣ ኡዝቤኪስታን ደሞ በፈረንጆቹ 2023 የቤት ውስጥ ጥቃትን ለብቻው ወንጀል የሚያረግ ህግ አወጣች። ከየአባባሉ ጎን አሁንም ማን እንደሚለው ጻፉ፣ ስትጠይቁም ወንዶቹን ብቻ አትጠይቁ፣ አማቶችንም ምራቶችንም ለየብቻ አናግሩ፣ አንድ ላይ ከተቀመጡ ምራቷ ዝም ልትል ትችላለች።