አዲስ የገጠማችሁት ጌሚንግ ፒሲ ራሙ ካስቸገራችሁ

ባህር ዳርም ሆነ ማርቆስ ፒሲ የምትገጥሙ ልጆች፣ ጌም መሃል ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ ሪስታርት ካረገባችሁ ወይ ጭራሽ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ራሙን (የፒሲውን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ቶሎ ብላችሁ አዲስ አበባ ለሸጠላችሁ ሰው አትላኩት። ዲዲአር5 የሚባለው የራም ትውልድ ከሆነ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለምድ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱት።

ካልበራ ከሶኬት ነቅላችሁ ራሞቹን አውጡና ቀጭ እስኪሉ መልሳችሁ አስገቡ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሁለት ከሆኑ ባለ4 ስሎት (የራም ማስገቢያ) ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሲፒዩው (ከፕሮሰሰሩ) ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚገቡት፣ ማኑዋሉን እዩ።

ከዛ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒውን ወይ ኤክስፖውን፣ ማለትም ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሰራውን ሴቲንግ አጥፉት፣ ፍጥነቱ 6000 ተብሎ የተሸጠ ራም ያለሱ ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሰራው፣ እዛ ላይ ሳያስቸግር ከሰራ ራሙ ደህና ሊሆን ስለሚችል ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ አርጋችሁ ሞክሩ ወይ ባዮሱን አፕዴት አርጉ። ግን እባካችሁ አፕዴቱን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ፒሲውን የሚይዝ ባትሪ) እንዳትነኩት፣ እኛ ጋ መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

አሁንም ካስቸገረ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ራሞቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፣ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ክፈቱትና ተኙ። አንድ ኤረር እንኳን ካሳየ ያንኑ ራም ሌላ ስሎት ላይ ድገሙት፣ ኤረሩ አብሮት ከሄደ ራሙ ነው፣ ስሎቱ ጋ ከቀረ ግን ቦርዱን ወይ ሲፒዩውን ጠርጥሩ። ለሻጩ እንድታሳዩት ኤረሩ ያለበትን ስክሪን ፎቶ አንሱት፣ በጥንድ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ መልሱ።